ከጄኔቫ እስከ ኒው ዮርክ፦ ስለ ኢትዮጵያ ዲፕሎማሲ ለጠየቃችሁኝ

ታሪክ ሳስተምር ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። «ኢትዮጵያ በዓለም የሰላምና የጸጥታ ክርክር ውስጥ በእርግጥ ምን አበረከተች?» ብላችሁ በየአቅጣጫው ጠይቃችሁኛል፤ የቻልኩትን እመልሳለሁ። ዓ.ም. ብዬ ካልጻፍኩ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጋሼ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በጄኔቫ ያደረጉት ንግግር ጣልያንን አላስወጣም። ታዲያ ለምን ይህን ያህል ይወደሳል?

ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን 1936) አፄ ኃይለ ሥላሴ፣ ከተባበሩት መንግሥታት በፊት በነበረው በመንግሥታት ማኅበር ፊት ጄኔቫ ላይ ሲቆሙ አገራቸው ተይዛ ነበር። ስለዚህ የማኅበሩን ውለታ ሊለምኑ ብቻ የሄዱ ይመስለናል። ንግግሩን ላነበበው ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ንግግሩ ክስ ነው። ኢትዮጵያ በ1923 አባል የሆነችው አንዱ ሲጠቃ ሁሉም ይደርስለታል በሚል ቃል ኪዳን ነው። ኢጣልያ በ1935 ስትወር ማኅበሩ ወራሪ መሆኗን አረጋገጠ፤ ማዕቀብም ጣለ። ነገር ግን ታንኩንና አውሮፕላኑን የሚያንቀሳቅሰው ነዳጅ ከማዕቀቡ ውጪ ቀረ፤ የስዊዝ ቦይም ለወራሪው መርከቦች ክፍት ነበር። በሐምሌ 1936 ደግሞ ማዕቀቡ ራሱ ተነሣ።

ከዚያ መድረክ የተነሣው ጥያቄ ዛሬም አልተዘጋም፦ የትንሽ አገር ነፃነት ዋጋው ከትልቅ አገር ነፃነት ያነሰ ነው ወይ? በእኔ እምነት ከኢትዮጵያ የዲፕሎማሲ አስተዋጽኦ ሁሉ ትልቁ ይህ ጥያቄ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው አብዛኛው ከእርሱ የተቀዳ ነው።

ያን ጊዜ አብዛኛው መንግሥት ወረራውን እያየ ሲያልፍ ሜክሲኮ አልተቀበለችውም። በአዲስ አበባ የሜክሲኮ አደባባይ ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው። በሜክሲኮ ከተማም በኢትዮጵያ ስም የሚጠራ አደባባይና የባቡር ጣቢያ አለ። በዚያ በኩል ለሚያልፍ ልጅ ይህን መንገር ደስ ይለኛል።

የተናገሩት በፈረንሳይኛ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

አይደለም፤ በአማርኛ ነው። ሊጀምሩ ሲሉ የኢጣልያ ጋዜጠኞች በፉጨት አዳራሹን አወኩት። የሩማንያው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ቲቱሌስኮ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው እነዚያን ባለጌዎች አስወጡ ብለው ጮኹ። ንጉሠ ነገሥቱ ጸጥታ እስኪሰፍን ጠብቀው ንግግራቸውን ጀመሩ።

ኮሪያ የዘመትነው አሜሪካን ለማስደሰት ነው የሚሉ አሉ። እርስዎ ምን ይላሉ?

የወዳጅነቱ ጥቅም አልነበረም ብል እዋሻለሁ። ኢትዮጵያ ያን ጊዜ የጦር መሣሪያና ሥልጠና ትፈልግ ነበር። ነገር ግን በ1936 «ለምን አልደረሳችሁልንም?» ያለች አገር፣ በ1950 ደቡብ ኮሪያ ስትወረር ዝም ብትል ኖሮ ያ ክስ ባዶ ቃል ይሆን ነበር። ቃኘው የተባሉት የኢትዮጵያ ሻለቆች ከ1951 ጀምሮ በተባበሩት መንግሥታት ጦር ውስጥ እየተተካኩ ዘመቱ። ከስድስት ሺህ በላይ ወታደሮች ተፈራርቀዋል፤ ከ120 በላይ ወድቀዋል፤ አንድም የተማረከ የለም። የጋራ ደኅንነት የሚለው መርሕ በኢትዮጵያ በኩል በደም የተከፈለበት ነው።

ስለ ናሚቢያ የተከሰሰችው ደቡብ አፍሪካ ነች፤ የእኛ ድርሻ ምንድን ነበር?

ይህን ስለ ጠየቅሽኝ አመሰግናለሁ፤ ከሁሉ በላይ የተረሳው ገጽ ይህ ነው።

ደቡብ ምዕራብ አፍሪካ (የዛሬዋ ናሚቢያ) ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በመንግሥታት ማኅበር ሞግዚትነት ለደቡብ አፍሪካ ተሰጥታ ነበር። ማኅበሩ ሲፈርስ ደቡብ አፍሪካ አገሩን እንደ ራሷ ግዛት ያዘችው፤ አፓርታይድንም ዘረጋችበት። ማን ይክሰሳት? የሞግዚትነቱ ውል ላይ አንድ በር ነበር፦ የማኅበሩ አባል የነበረ አገር ክርክሩን ወደ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት መውሰድ ይችላል። ኢትዮጵያና ላይቤሪያ አባላት ነበሩ። ነፃ የወጡት የአፍሪካ አገሮች በ1960 አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው መከሩና፣ በዚያው ዓመት ኅዳር ሁለቱ አገሮች ደቡብ አፍሪካን በዘ ሄግ ከሰሱ።

በ1962 ፍርድ ቤቱ 8 ለ7 በሆነ ድምፅ ጉዳዩን ማየት እችላለሁ አለ። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። በሐምሌ 1966 ግን ዳኞቹ 7 ለ7 እኩል ተከፈሉ፤ የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ወሳኝ ድምፅ ተጨምሮ፣ ኢትዮጵያና ላይቤሪያ በጉዳዩ ላይ ሕጋዊ ጥቅም የላቸውም ተብሎ ክሱ ውድቅ ሆነ። ከስድስት ዓመት ክርክር በኋላ «ምን አገባችሁ?» ተባሉ ማለት ነው። ይህን ውሳኔ ባነበብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል።

ነገር ግን ቁጣው ፍሬ አፈራ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በጥቅምት 1966 የደቡብ አፍሪካን ሞግዚትነት አቋረጠ። በ1971 ያው ፍርድ ቤት በምክር አስተያየቱ የደቡብ አፍሪካ በናሚቢያ መቆየት ሕገ ወጥ ነው አለ። ናሚቢያ በመጋቢት 1990 ነፃ ስትወጣ ኢትዮጵያ በጸጥታው ምክር ቤት አባልነት ተቀምጣ ነበር። ተሸንፋ የወጣችበት ክርክር ከ24 ዓመት በኋላ እንደ ድል ተመለሰላት።

በኑክሌር ጉዳይ ላይ የኢትዮጵያ ድምፅ ተሰምቶ ያውቃል?

አዎ። በኅዳር 1961 ጠቅላላ ጉባኤው የኑክሌር መሣሪያን መጠቀም የተባበሩት መንግሥታትን ቻርተር የሚጥስና በሰው ልጅ ላይ የሚፈጸም ወንጀል ነው ብሎ ያወጀበትን ውሳኔ 1653 ካቀረቡት መካከል በግንባር የቆመችው ኢትዮጵያ ናት። 55 አገሮች ደገፉት፣ 20 ተቃወሙት፣ 26 ድምፅ አላሰሙም። አሜሪካና ብሪታንያ ከተቃወሙት ወገን ነበሩ፤ ወዳጅነቱ በዚያ ቀን አላገዳትም። ውሳኔው በመርዝ ጋዝ ላይ የወጣውን የ1925ቱን የጄኔቫ ፕሮቶኮል ይጠቅሳል። ኢጣልያ ያንን ፕሮቶኮል ተቀብላ ሳለ ነው በሕዝባችን ላይ የመርዝ ጋዝ የረጨችው። ስለዚህ ነገሩን ከመጽሐፍ ብቻ አልተማርነውም።

በጸጥታው ምክር ቤት ስንት ጊዜ ተቀምጠናል?

ሦስት ጊዜ፦ 1967–68፣ 1989–90፣ 2017–18። ምክር ቤቱ ራሱም በ1972 አዲስ አበባ መጥቶ ተሰብስቧል፤ በአፍሪካ ምድር ሲሰበሰብ የመጀመሪያው ነበር።

ከሁለተኛው ዘመን አንድ ድምፅ ላንሣ። ኢራቅ ኩዌትን በወረረች ጊዜ፣ በኅዳር 1990፣ ኃይል መጠቀምን የፈቀደውን ውሳኔ 678 ኢትዮጵያ ደግፋለች። ኩባና የመን ተቃወሙ፤ ቻይና ድምፀ ተዓቅቦ አደረገች። በዚያ ውሳኔ ላይ እስከ ዛሬ እንከራከራለን፤ እኔ ግን በትልቅ ጎረቤት የተዋጠችን ትንሽ አገር ነገር ለኢትዮጵያ ማስረዳት አያስፈልግም እላለሁ። በሦስተኛው ዘመን፣ በመስከረም 2017 ምክር ቤቱን በመራንበት ወር፣ የሰላም ማስከበር ማሻሻያን የሚመለከት ውሳኔ 2378 ወጥቷል። በወቅቱ ከማንም በላይ ሰላም አስከባሪ የምናዋጣው እኛ ስለነበርን የምንናገረው ይሰማ ነበር።

ታዲያ የሕዳሴው ግድብ ጉዳይ ምክር ቤቱ ሲደርስ ለምን ተቃወምን? መድረኩን የምናምን ከሆነ…

ተገቢ ጥያቄ ነው። ጉዳዩ በ2020 እና በ2021 ቀረበ። ግብፅና ሱዳን የሕልውና ጥያቄ ነው አሉ። የኢትዮጵያ ክርክር፣ የውኃ ልማት ምክር ቤቱ የተቋቋመበት ሥራ አይደለም፣ የአፍሪካ ኅብረት ድርድሩን ይዞታል የሚል ነበር። ምክር ቤቱ በመስከረም 2021 ባወጣው የፕሬዚዳንት መግለጫ ሦስቱ አገሮች በኅብረቱ ወደሚመራው ድርድር እንዲመለሱ አበረታታ። እንደ እኔ አቋሙ ትክክል ነበር፤ የታችኞቹን አገሮች ሥጋት ማዳመጥ ግን ከእኛ ይጠበቃል።

ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ በቤቷ የምትዋጋ አገር ስለ ዓለም ሰላም የመናገር ምን መብት አላት?

ይቅርታ አያስፈልግም፤ ብትጠይቀኝ ነው የሚሻለው። ከኅዳር 2020 እስከ ፕሪቶሪያ ስምምነት፣ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በሰሜኑ ጦርነት ወገኖቻችን አልቀዋል። መንግሥት በምክር ቤቱ ፊት የውስጥ ጉዳይ ነው ብሎ ተከራከረ። የሉዓላዊነትን ክርክር እረዳለሁ። ነገር ግን በጄኔቫ ንግግር ውስጥ በመንደር ሰውና በከብት ላይ ስለ ዘነበው መርዝ ያለውን ክፍል ያነበበ ሰው፣ ዓለም ስለ ሲቪሎች ሲጠይቅ ሊቆጣ አይገባውም። ጥያቄውን ያስተማርነው እኛ ነን። ክብራችን በዚያ ጦርነት ተጎድቷል፤ ይህን መካድ የሚጠቅመው ሰው የለም።

አባቴ ኮንጎ ዘምተዋል። ስለ እነርሱ ለምን አይጻፍም?

እኔም እቆጫለሁ፣ እህቴ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ኢትዮጵያ ወደ ኮንጎ የላከችው ጠቅል ብርጌድ ነበር፤ ከ1962 እስከ 1963 በዚያ የነበረውን የተባበሩት መንግሥታት ጦር በሙሉ የመሩትም ጄኔራል ከበደ ገብሬ ናቸው። ኋላ በ2011 ሱዳንና ደቡብ ሱዳን ለሚወዛገቡበት ለአቢዬ ግዛት የኢትዮጵያን ሰላም አስከባሪ ጦር ሲቀበሉ፣ እምነቱ በአንድ ቀን የመጣ አልነበረም።

አባትዎ በሕይወት ካሉ ዛሬ ማታ አጠገባቸው ይቀመጡና ይጠይቋቸው፤ የክፍላቸውን ስም፣ የከተማውን ስም፣ አብረዋቸው የነበሩትን ሰዎች። ፎቶግራፍ ካለም በጀርባው ላይ ማን ማን እንደሆነ ይጻፉበት።