ቢላህ ምን አለህ?

የጅረን ኮረብታ ከጠዋት ጀምሮ በጉም ተሸፍኗል። የጅማ ክረምት ሲበረታ የማይክሮስኮፕ ሌንስ ሳይቀር ይሻግታል፤ ዛሬም ሌንሶቼን ስወለውል አንድ የቆየ ስህተቴ ትዝ አለኝ። ፓቶሎጂ፣ ማለትም ከሰውነት የተወሰደ ናሙና መርምሮ በሽታ የመለየት ሙያ፣ ለመማር ላሰባችሁ ልጆቼ ልጻፈው።

ገና ተማሪ ሳለሁ ከአንጎል ሥር የወጣች፣ ሽምብራ የምታክል ቢጫ ናሙና ደረሰችኝ። በአንጎል ውስጥ የሚገኝ የስብ ዕጢ፣ ሊፖማ የምንለው፣ ካንሰር አይደለም። ፅንስ ሲሠራ የአንጎል ስስ ሽፋን መሆን የነበረበት ህዋስ መንገድ ስቶ ስብ ሆኖ የቀረ ነው ይባላል። ነርቭና የደም ሥር በመሃሉ ስለሚያልፉ ቀዶ ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ አይነኩትም፤ ናሙናው እጃችን የሚገባው ከስንት አንዴ ነው። እኔ ግን ገና ሳየው «ስብ ነው» ብዬ ጨረስኩ።

ስቆርጠው፣ ምስር ወጥ ውስጥ ጠጠር እንደሚነከስ፣ ቢላዬ ቀጭ አለ። ጠጣሯን ክፍል ምላጬን እንዳታበላሽብኝ ናሙናው እንዳይበላሽ ወደሚቀመጥበት ፈሳሽ፣ ወደ ፎርማሊኑ፣ መለስኳት፤ ለስላሳውን ብቻ አዘጋጀሁ። ናሙና የምናዘጋጅባቸው ፈሳሾች፣ አልኮልና ዛይሊን፣ ስቡን አጥበው ስለሚወስዱት ስላይዱ ላይ የቀረው የንብ ሰፈፍ የመሰለ ባዶ ክፍልፋይ ነበር። «ሊፖማ» ብዬ ፈረምኩ።

መምህሬ ወረቀቱን አይተው «ቢላህ ምን አለህ?» አሉኝ። ዝም አልኩ። ጠጠሯን ራሳቸው አውጥተው ካልሲየሙ እስኪሟሟ አሲድ ውስጥ ዘፈዘፏት። ከቀናት በኋላ በማይክሮስኮፑ ሥር ስቡን የከበበ አጥንት ታየን፤ ኦስቲዮሊፖማ ነበር። ከመስሚያ ነርቭ አጠገብ በሚበቅሉት ውስጥማ የጡንቻ ክር የተገኘባቸው አሉ!

አጥንቱ በራሱ አያስፈራም። ያላበኝ ሌላ ነው፦ ስብና አጥንት አብረው ሲገኙ ዕጢው ቴራቶማም፣ ማለትም እንደ ቆዳና ፀጉር ያሉ የተለያዩ የአካል ክፍሎች ህዋሳት የተቀላቀሉበት ዕጢ፣ ሊሆን ይችላል፤ ቴራቶማ ደግሞ ያልበሰለ አደገኛ ህዋስ ሊደብቅ ይችላል። ቆዳ፣ ፀጉር ወይም የአንጀት ዓይነት ሽፋን አለመኖሩን ሳላረጋግጥ ነበር የፈረምኩት። የቀረውን ሁሉ ቆርጠን አየን፤ ከስብና ከአጥንት በቀር ምንም አልነበረም። ሲቲ ስካኑን አስቀድሜ ብጠይቅ ኖሮ ስቡ ጥቁር፣ ጠርዙ ነጭ ሆኖ ይጠብቀኝ ነበር።

እናንተም ጠጣር ነገር ሲገጥማችሁ አሲዱ ሥራውን እስኪጨርስ ሪፖርቱን አቆዩት። የላከው ሐኪም ቢቆጣም ይቆጣ።

አሁን ተማሪዎቼ ናሙና ሲቆርጡ ሬዲዮውን አጠፋባቸዋለሁ። ያኮርፉኛል።