ስለ ውርስ ስታስቡ ከእናታችሁ ጀምሩ

ውድ ልጆቼ፣

ደሴ ላይ ጥብቅና ስሠራ ነው ያረጀሁት። ከያዝኳቸው ጉዳዮች ሁሉ እንደ ውርስ ክርክር የሚያሳዝነኝ የለም። ተከሳሹ ባዳ አይደለማ! ወንድም ነው፣ እህት ናት፣ አንዳንዴም እናት ናት። የአባታቸው አርባ ሳይወጣ «ቤቱ ተሸጦ ድርሻችንን እንካፈል» ብለው የመጡ ልጆች አጋጥመውኛል። ክፉዎች ሆነው አይደለም። አንዱን የቤት ኪራይ አንገሽግሾታል፣ ሌላዋ ልጆቿን ማስተማር ከብዷታል። ግን እዚያ ቤት ውስጥ እናታቸው አለች።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ ኑዛዜ ከሌለ፣ ሚስትን የባሏ ወራሽ አያደርጋትም። ባልም እንዲሁ ነው። ይህን ስናገር ብዙ ሰው ይደነግጣል። በእርግጥ በትዳር ዘመን ከተፈራው ንብረት ግማሹ የእናታችሁ ነው። ካርታው በአባት ስም ብቻ መሆኑ ይህን አይለውጠውም። የቀረው ግማሽ ግን ለልጆች ነው፤ ወንድ ሴት ሳይባል፣ ከጋብቻ ውጭ የተወለደም ሳይለይ እኩል ይከፈላል።

እስኪ እናስላው። አምስት ልጆች ብትሆኑ እያንዳንዳችሁ ከቤቱ አንድ አሥረኛ አላችሁ። ከአምስታችሁ አንዱ ብቻ ፍርድ ቤት ሄዶ ክፍፍል ቢጠይቅና ቤቱ ለመከፈል ባይመች፣ ካልተስማማችሁ በስተቀር መጨረሻው ሐራጅ ነው። እናት ግማሹን ብር ይዛ በእርጅናዋ ተከራይ ትሆናለች። ቤቱ አባታችሁ ከጋብቻ በፊት የሠራው ወይም ከአያታችሁ የወረሰው ከሆነማ ያ ግማሽም የለም።

ሳይቃጠል በቅጠል ነው። አባታችሁ ጤና እያለ፣ «አባዬ፣ አንተ ብትቀድም እማዬ የት ትኖራለች?» ብላችሁ ጠይቁት። ነውር እንዳይመስላችሁ። በኑዛዜው የቤቱን አላባ ለእሷ ሊሰጣት ይችላል። አላባ ካላት፣ ባለቤትነቱ ለእናንተ ቢሆንም በሕይወት እስካለች ትኖርበታለች፣ ብታከራየውም ኪራዩ የእሷ ነው።

ኑዛዜው ግን በወጉ ይሠራ። ሌላ ሰው የጻፈው ከሆነ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት። ይህ መፈጸሙና ቀኑ እዚያው ላይ ይጻፋል፣ ወዲያውም ሁሉም ይፈርማሉ። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም የውልና ማስረጃ ሹም ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። አንድ ጊዜ የጣት አሻራው ሁሉ ቁልጭ ብሎ የሚታይ፣ አራት የተከበሩ ሽማግሌዎች የፈረሙበት ኑዛዜ ይዤ ተከራክሬያለሁ። «ተነበበ» የሚለው ቃል አልነበረበትም። ምስክሮቹ ቀርበው ተነቦልናል ቢሉም ኑዛዜው ፈረሰ። ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት ላይ አብረው የሚናዘዙትም አይጸናም፤ ሁለቱም ለየብቻ ይጻፉ። በራሱ እጅ የሚጽፍ ሰው ሙሉውን ራሱ ይጻፈው፣ ኑዛዜ መሆኑን ይግለጽ፣ በየገጹ ቀን ያስፍርና ይፈርምበት። በ7 ዓመት ውስጥም ለፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ወይም ለውልና ማስረጃ ካልተሰጠ ይቀራል።

ሞት አፋፍ ላይ «ቤቱ ለእገሌ ይሁን» መባሉን ሁለት ሰው ቢመሰክርም ቤት አይተላለፍበትም። የቃል ኑዛዜ ለቀብር ሥርዓት፣ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችን ሞግዚት ለመሰየምና እያንዳንዱ ከ500 ብር ለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ነው የሚሠራው።

አሁን አሁን የሚያስፈራኝ ሌላ ነገር መጥቷል። «ክርክር እንዳይመጣ አሁኑኑ በስጦታ አዙሩልን» እያሉ አዛውንቶችን ማጣደፍ። ኑዛዜ የሚሠራው ከሞት በኋላ ነው፤ ሐሳባቸውን ቢቀይሩ ይሽሩታል። ስጦታ ግን ያኔውኑ ያልቃል። ስሙ ከዞረ በኋላ ልጁ ቤቱን ቢያስይዝ፣ ቢሸጥ ወይም ትዳሩ ቢፈርስ ሽማግሌው ምን ይዘው ይከራከራሉ? የግድ ስጦታ ይሁን ከተባለ የወላጆች አላባ እዚያው ውሉ ላይ ይግባ። ወላጅ ሲቸገር መጦርም በሕግ ልጅ ላይ የተጣለ ግዴታ መሆኑን አትርሱ። ቤት ቢያወርስም ባያወርስም።

ውክልናም እንደዚሁ ያሳስታል። የአባታችሁ ውክልና በእጃችሁ አለ ማለት ከሞቱ በኋላ ትሸጣላችሁ ማለት አይደለም። በመርህ ደረጃ ውክልና ሰጪው ሲሞት አብሮ ያበቃል።

ዓረብ አገር ላላችሁ ልጆች ደግሞ ይህን እላለሁ። ኮምቦልቻና ደሴ ውስጥ በእናንተ ላብ የተሠራ፣ በአባት ወይም በወንድም ስም የተመዘገበ ስንት ቤት አለ! አባት ሲሞት ያ ቤት ውርስ ውስጥ ይገባል። «እኔ ነኝ ያሠራሁት» ብትይ ማስረጃ ትጠየቂያለሽ። የባንክ ደረሰኝሽን አትጣይ። ከተቻለ ከመጀመሪያው በስምሽ ይሁን፣ ካልተቻለም ገንዘቡ የአንቺ መሆኑን የሚያሳይ ውል ይፈረም።

ሙስሊም ቤተሰቦች ሁላችሁም ከተስማማችሁ በሸሪዓ ፍርድ ቤት መዳኘት ትችላላችሁ። በሸሪዓ ሚስት ወራሽ ናት፤ ሟቹ ልጅ ካለው ድርሻዋ አንድ ስምንተኛ ነው። ያልተስማማ ሰው ግን በግድ አይዳኝም፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ፈቃዱን ይጠይቃል። እኛ ወሎዬዎች እስላምና ክርስቲያን በአንድ ቤት የምንወለድ ስለሆንን፣ የት እንደምትዳኙ ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ሐዘኑ ከደረሰ በኋላም ረጅም ዝምታ አይጠቅምም። ድርሻችሁን ሌላ ሰው እንደያዘው ካወቃችሁ በኋላ 3 ዓመት ካለፈ ይርጋ፣ ማለትም ለመክሰስ በሕግ የተቀመጠው የጊዜ ገደብ፣ ሊያግዳችሁ ይችላል። የሞት የምስክር ወረቀት አውጡ። ሟቹ ይኖሩበት በነበረው አካባቢ ላለው ፍርድ ቤት አመልክታችሁ የወራሽነት ማስረጃ ያዙ። ማስረጃውን መያዝ ማለት ቤቱን ማካፈል አይደለም። እናታችሁ በሕይወት እስካለች ቤቱ እንዳይሸጥ ተስማሙና ስምምነቱን በጽሑፍ አድርጋችሁ ፈርሙ። ውጭ ያለ ወንድም ወይም እህት ካላችሁ በኤምባሲ በኩል ውክልና ይላክ።