ስለ ልጆች የዓይን ሞራ ጠይቁኝ

የዓይን ነርስ ነኝ፣ የምሠራውም ጅማ ነው። የመጡትን ጥያቄዎች እነሆ።

ጥያቄ፦ የ2 ወር ልጄ ፎቶ በፍላሽ ስትነሳ አንዱ ብሌኗ ቀይ፣ ሌላው ነጭ ይወጣል። ስታድግ ይለቃታል ይሉኛል፤ ልጠብቅ?

መልስ፦ አይ እህቴ፣ አትጠብቂ! ነጭ ብሌን ሞራ ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዴ ደግሞ የዓይን ካንሰር ነው፣ እሱ ሕይወትም ይነጥቃል። ሞራ ቢሆንም አንጎሏ ማየት የሚማረው አሁን ስለሆነ፣ የተጋረደውን ዓይን እየተወው ይሄዳል፤ በኋላ ሞራው ቢወጣም ጥሩ አያይም። ሲወለዱ ጀምሮ ያለ ድፍን ሞራ በአንድ ዓይን ከሆነ ከ4 እስከ 6 ሳምንት፣ በሁለቱም ከሆነ እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ቢወጣ ይመረጣል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የዓይን ክፍል አለ፤ ነገ ጠዋት እዚያ ሂጂ።

ጥያቄ፦ በሞራ ኦፕራሲዮን ዘመቻ አያቴን ሠሯቸው፣ የ6 ዓመት ወንድሜን ግን "ሪፈር" ብለው መለሱት። ምነው?

መልስ፦ አያትህ ዓይናቸው ብቻ ደንዝዞ ነው የተሠሩት። ልጅ እንደዚያ አይተኛም፤ ሙሉ ሰመመን፣ የሰመመን ባለሙያና የልጅ ዓይን የሠለጠነ ሐኪም ይፈልጋል። ልክ ናቸው። ጥፋት የሚሆነው ሪፈሩ ቤት ተጣጥፎ ሲቀር ነው።

ጥያቄ፦ ቡዳ ነው ይላሉ፤ እውነት?

መልስ፦ ኧረ የለበትም። በዘር ይመጣል፣ እናት በእርግዝና ሩቤላ የሚባል ሽፍታ ያለው ተላላፊ በሽታ ሲይዛት ይመጣል፣ እንጨት ሲወጋውም ይመጣል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ አይታወቅም።

ጥያቄ፦ ጤና ጣቢያ ላይ ቶሎ መለየት አይቻልም?

መልስ፦ ይቻላል እንጂ! ኦፍታልሞስኮፕ የሚባል በእጅ የሚያዝ መብራት አለ። ክፍሉን ጨለም አድርገህ፣ ክንድ ያህል ርቀህ ሁለቱንም ብሌን ታያለህ፤ ጤነኛው ቀላ ብሎ ያበራል፣ ሞራ ያለበት ይጠቁራል ወይም ይነጣል። እንግሊዝ አገር ሕፃን ሁሉ በተወለደ በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ከዚያም ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሲሆነው እንዲህ ይታያል። እኛም ጋ እናቶች በ6 ሳምንቱ ለክትባት ይመጣሉ፤ እኔ ብጠየቅ መብራቱን ክትባት ክፍል ነበር የማስቀምጠው።

ጥያቄ፦ የ4 ዓመት ልጄ ከተሠራች በኋላ መነጽሯን እየወረወረች አስቸገረችኝ። ግድ ነው?

መልስ፦ ግድ ነው። ኦፕራሲዮኑ የሥራው ግማሽ ነው። ሰው ሠራሽ ሌንስ ዓይኗ ውስጥ ቢገባላትም ዓይኗ ገና እያደገ ስለሆነ የመነጽሯ ቁጥር ይለዋወጣል። ከኋላ በላስቲክ እሰሪላት፣ የምትወደው ጨዋታ ላይ ስትሆን አድርጊላት። ጤነኛውን ዓይን ሸፍኚ ከተባልሽም፣ ብታለቅስም በታዘዘልሽ ሰዓት ልክ ሸፍኚ። ቀጠሮ ደግሞ አትዝለይ፣ ግላኮማ (የዓይን ውስጥ ግፊት ጨምሮ ማየትን የሚጎዳ በሽታ) ከዓመታት በኋላም ሊመጣ ይችላል።