ድድና የደም ሥር፦ ጠይቁኝ

ፒያሳ ድድ ሳክም ውዬ አሁን ገና ነው የተቀመጥኩት። ጠይቁ። ቀድሜ ግን አንድ ነገር፦ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ፣ ሐኪማችሁ ሳያውቅ እንዳታቋርጡ።

ከአራት ኪሎ፦ ዶክተር፣ ድድን ከልብ ምን አገናኘው?

ጥሩ ጥያቄ ነው። ድድ ሲታመም ከጥርሱ እየለቀቀ ኪስ ይሠራል። ጤነኛው እስከ 3 ሚሊሜትር ነው። ዛሬ አንድ ሰው ላይ 7 ለካሁ፤ መለኪያዋ ገና ስትነካው ደማ። በዚያ ቁስል በኩል ስናኝክም ስንቦርሽም ባክቴሪያ ደም ውስጥ ይገባል። ሰውነት ባክቴሪያውን እየታገለ ሲቆጣ ይከርማል፤ ቁጣው የደም ሥርን የውስጥ ሽፋን ይጎዳል። ፖርፊሮሞናስ ጂንጂቫሊስ የሚባለው የድድ ባክቴሪያ ስብ በጋገረበት የደም ሥር ግድግዳ ውስጥ ሳይቀር ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት ደግሞ ከ120 ታካሚዎች ለግማሽ ያህሉ ጠለቅ ያለ የድድ ሕክምና ሰጠ። በማግስቱ የደም ሥራቸው የመስፋት አቅም ቀነሰ። በ6 ወሩ ግን ከሌሎቹ በለጠ። ያም ሆኖ ድድ መታከም ድንገተኛ የልብ ሕመምን ያስቀራል ተብሎ አልተረጋገጠም። ሲጋራና የስኳር ሕመም ድድንም ልብንም ስለሚጎዱ ነገሩን መለየት ከባድ ነው።

ከሜክሲኮ፦ ጥርሴን ያመኛል፣ ምን ልውሰድ?

የቱን? ከመቼ ጀምሮ? በደፈናው መድኃኒት አላዝም። ሄደህ ታይ።

ከካዛንቺስ፦ መፋቂያን የሚያህል የለም። አያቴ ጥርሷ ሙሉ እንደሆነ ነው ያረፈችው።

ከስታዲየም፦ የእኔም አያት መፋቂያ ከአፏ አይጠፋም ነበር፤ አንድ ጥርስ አልተረፋትም።

ከካዛንቺስ፦ እንጨቱ ይለያያላ! የወይራውን ነው የምልህ።

በመፋቂያም በብሩሽም ማጽዳት ይቻላል። አንዴ የጠጠረ የጥርስ ድንጋይ ግን በሁለቱም አይነሳም፤ ሐኪም ዘንድ መታጠብ አለበት። ወደ ጉዳያችን እንመለስ።

ከፒያሳ፦ እማዬ ለግፊት አምሎዲፒን ትወስዳለች። ድዷ አብጦ ጥርሷን ሊሸፍነው ነው።

መድኃኒቱ አንዳንድ ሰው ላይ ድድ ያሳድጋል። ለግፊት ሐኪሟ ንገሪው፤ ሊቀይርላት ይችላል። በራሷ ግን እንዳታቆም።

ከለገሃር፦ ጥርስ ላስነቅል ነው፣ የደም ማቅጠኛዬን ሦስት ቀን ላቁም?

ወንድሜ፣ መጀመሪያ የጻፍኩት እኮ ይሄንኑ ነው! በራስህ አታቁም። ሁለቱ ሐኪሞችህ ይነጋገሩበት። የልብ ቫልቭ የተቀየረላችሁም ከመነቀላችሁ በፊት ተናገሩ፤ ቀድሞ የሚወሰድ አንቲባዮቲክ አለ።

ከአራት ኪሎ፦ ስቦርሽ ይደማል፣ መቦረሽ ልተው?

እንዳትተዪ! ለስላሳ ብሩሽ ያዢና የድድሽን ጠርዝ ቀስ ብለሽ ቦርሺ። ጅምር ላይ ከሆነ ይድናል። ሕመሙ ጥርሱን የያዘውን አጥንት ከበላው ግን የሄደው አጥንት በአብዛኛው አይመለስም። በሁለት ሳምንት ደሙ ካልቆመ ኪሱን አስለኪ።