ደሴ ተቀምጦ የመጀመሪያ ልብ ወለድ ማውጣት፦ ለጠየቅከው ወንድሜ

ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። ልብ ወለድ ጽፈህ ጨርሰሃል። የምትኖረው ደሴ ነው። አዲስ አበባ የምታውቀው ጸሐፊም አሳታሚም የለህም። «ከየት ልጀምር? አዲስ አበባ ካልገባሁ አይሆንም ወይ?» ነው ያልከው። እኔም የመጀመሪያ መጽሐፌን ያወጣሁት እዚሁ ደሴ ተቀምጬ ነው። የማውቀውን ልንገርህ። ረዘም ስለሚል ታገሰኝ።

አዲስ አበባ መግባት የግድ አይደለም። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው የአፈወርቅ ገብረኢየሱስ መጽሐፍ እንኳ የታተመው ሮም ነው፣ በ1900 ዓ.ም.። ማተሚያ ቤቱ የትም ይሁን፣ ታሪኩ የሚሠራው አንተ ባለህበት ነው። አዲስ አበባ ሥራ ሲኖርህ ትሄዳለህ፣ ጨርሰህ ትመለሳለህ። ከዚያ በፊት ግን ደሴ ላይ የምትጨርሰው ትልቅ ሥራ አለ። እሱም ጽሑፍህን ድምፅህን ከፍ አድርገህ ለሰው ማንበብ ነው። ብዙ ሰው ይዘለዋል። እኔ ከሁሉም በላይ የምመክርህ ግን ይህንኑ ነው።

የእኔ መጽሐፍ ታሪክ ኮምቦልቻ ላይ ሻይ ቤት ስለነበራት ሴት ነው። ዘመኑ የአሰብ መንገድ የደራበት ዘመን ነው። ያኔ ጭነት መኪናው ከአሰብ ተነሥቶ ሚሌንና ባቲን አልፎ ኮምቦልቻ ይገባል። ከዚያ ግማሹ ወደ አዲስ አበባ ያቀናል፣ ግማሹ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ በደሴ በኩል ወደ ሰሜን ይሄዳል። በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሣ የአሰብ መንገድ ተዘጋ። የሴትዮዋም ሕይወት አብሮ ተገለበጠ። ይህን ዘመን እኔ የማውቀው በልጅነት ወሬ ብቻ ነው። ስለዚህ በዚያ መስመር ዕድሜያቸውን የጨረሱ አንድ ሹፌር ፈልጌ አገኘሁ። ጋሼ ነው የምላቸው። ስማቸው እንዲጠራ አይወዱም።

ኮምቦልቻ ቤታቸው ድረስ እየወረድኩ አነብላቸው ነበር። ባለቤታቸው ቡና ያፈላሉ። እኔ አነባለሁ። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። አንድ ቀን «በዝናብ ሐረጎን እንዴት ነበር የምትወርዱት?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ዓይናቸውን ገለጡ። «ልጄ፣ ሐረጎ በፍሬን አይወረድም፣ በማርሽ ነው። በወጣሽበት ማርሽ ትወርጃለሽ። ፍሬን ላይ የተኛ ሹፌር ታች ሳይደርስ ፍሬኑ ይቃጠልበታል» አሉኝ። ቀጥለው ስለ ረዳት ነገሩኝ። መኪናው ዳገት ላይ ሲቆም ረዳቱ ታኮውን ይዞ ዘሎ ይወርዳል። ከኋላ ጎማ ሥር ይወትፈዋል። ሌሊት ነው፣ ጉም ነው፣ እግሩ የሚያርፈው ድንጋይ ላይ ይሁን ገደል ላይ አያይም። «ረዳት ከዘገየ ሁላችንም የለንም» አሉ። መጽሐፌ ውስጥ ያለው ረዳት የተወለደው ያን ዕለት ነው። አንባቢ አግኝቶኝ ስለ መጽሐፉ ሲያወራ ቀድሞ የሚያነሣልኝም እሱን ነው።

እንዲህ ያለውን ነገር ከአዲስ አበባ አታገኘውም። አንተ ጋ ደግሞ ሞልቷል። ሰኞ ገበያ አለልህ፣ አራዳ አለልህ፣ የጦሳ ተራራ ጉም አለልህ። ከደሴ ብርድ ተነሥተህ በ25 ኪሎ ሜትር ውስጥ ጃኬትህን የምታወልቅበት ኮምቦልቻ አለልህ። ታሪክህ እዚህ የሚካሄድ ከሆነ ከተማውን ለማያውቀው ሰው ለማስረዳት አትድከም። ገጸ ባሕሪህ የሚያየውን ብቻ ጻፍ። ጎንደር ያለው አንባቢ ይከተልሃል።

ድምፅ አውጥቶ ማንበብ ሌላም ጥቅም አለው። የሚያሰለቸውን ቦታ ወዲያው ታውቀዋለህ። አድማጭህ ስልኩን ካነሣ፣ ሲኒውን ማገላበጥ ከጀመረ፣ እዚያች አንቀጽ ላይ ምልክት አድርግ። ንግግሩም ይጋለጣል። ሰኞ ገበያ በርበሬ የምትሸጥ ሴት እንደ ዜና አንባቢ ካወራች ዓይን ሊያልፋት ይችላል፣ ጆሮ ግን አያልፋትም። የእኛ ሀገር አንባቢ ልብ ወለድን በጆሮውም ነው የለመደው። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ ቤተሰብ ሬዲዮ ከቦ ይሰማ ነበር። ዛሬም ብዙ ሰው ትረካ እየሰማ ነው ሥራ የሚሠራው።

ለማን ታነባለህ? ለጓደኛ ብቻ አታንብብ። ጓደኛ «ሸጋ ነው» ብሎ ያልፍሃል፣ ስለሚወድህ ነው። ብዙ የሚያነብ አንድ ሰው ፈልግ። መጽሐፍ የማይነካ፣ ወሬ ግን የሚወድ ሌላ ሰው ጨምር። ገጸ ባሕሪህ የሚሠራውን ሥራ የሚያውቅ ሰው ደግሞ የግድ ያስፈልግሃል። «እንዴት ነው?» ብለህ አትጠይቅ። «የት ላይ ሰለቸህ?» በል። ሳምንት ቆይተህ «ማን ትዝ ይልሃል?» በል። ስሙን ካላስታወሰው ገጸ ባሕሪ ጋር ገና ሥራ አለህ ማለት ነው።

ስለ አርታኢ በአጭሩ፦ ገንዘብ የምትቆጥብበት ቦታ አይደለም። አርታኢው የፊደል ጉዳይ ብቻ አይደለም የሚያየው፣ ታሪኩ የሚላላበትንም ነው። ግን ፊደሉም ይታይ። አንዱ ገጽ ላይ «ኃይሌ»፣ ሌላው ላይ «ሀይሌ» የሆነ ሰው አንባቢን ያናድዳል። ጽሑፉን በድሮዎቹ የግዕዝ ሶፍትዌሮች ከጻፍከው የትም ኮምፒውተር ላይ ወደሚነበበው ወደ ዩኒኮድ ቀይረህ ላክ፣ አለበለዚያ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ፊደሉ ይተረማመሳል። ቅጂውን ኢሜይልህ ላይም አስቀምጥ። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ሰው የወጣው የለበሰውን ለብሶ ነው። የእኔ ረቂቅ ኢሜይል ላይ ስለነበር ተረፈ። ኮምፒውተሬ አልተረፈም።

አሁን ማንም ቀድሞ ወዳልነገረኝ ነገር ልምጣ። ትንሽ ከተማ ውስጥ ልብ ወለድ ስታወጣ ሰው ራሱን ይፈልጋል። መጽሐፌ እንደወጣ ከፒያሳ እስከ ቧንቧ ውሃ ሠፈር የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ነበረው። «ያቺ ሻይ ቤት የእከሊት ናት አይደል?» አንዷ ዘመዴ ለሳምንታት አላናገረችኝም። ሚስቱን ትቶ የሄደውን ሹፌር የወንድሟን ታሪክ አድርጋ አንብባዋለች። እኔ ወንድሟ ሹፌር እንደነበርም አላውቅም። ቤቷ ሄድኩ። ቡና ጠጣን። እንዴት እንደጻፍኩት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት። ስትሰማኝ ቆየችና እሷም ስለ ወንድሟ የምታውቀውን ነገረችኝ። ለካ ሲነገር የማይወደድ፣ ማንም ደፍሮ የማያነሣው ታሪክ በቤታቸው ነበር። አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ። ልብ ወለድ ምን ሊያደርግ እንደሚችል የገባኝ ከዚያ ቡና በኋላ ነው።

ስለዚህ አስቀድመህ ተዘጋጅ። ከሕይወት የወሰድከው ሰው ካለ ሥራውን፣ ሠፈሩን፣ መልኩን ቀይር፣ ሁለት ሰው አንድ አድርግ። የአንድን ሰው ምሥጢር እንዳለ ካስገባህ ግን ሄደህ ፈቃዱን ጠይቅ። እምቢ ካለ አውጣው። እዚህ ሀገር ሰርግም ለቅሶም አብረን ነን። ከሕትመቱ በኋላ በአንድ ድንኳን ሥር መቀመጥህ አይቀርም። በተረፈ ግን ሰው ምን ይላል ብለህ ታሪክህን አታሽሽ። ሰው ራሱን ፈልጎ ያገኘው እውነት ስለጻፍክ ነው።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ለመጀመሪያ መጽሐፍ ወጪውን የሚሸፍንልህ አሳታሚ ማግኘት ከባድ ነው። እኛ ጋ አብዛኛው ጀማሪ ራሱ ከፍሎ ነው የሚያሳትመው። ነውር የለውም። ብርሃንና ሰላም ከተቋቋመ ከ1914 ዓ.ም. ወዲህ ማተሚያ ቤቶች ብዙ ሆነዋል፣ አንዱ ጋ ብቻ አትቁም። ከተለያዩ ቦታዎች ፕሮፎርማ፣ ማለትም የዋጋ ማቅረቢያ፣ ሰብስብ። ወረቀቱ የሚመጣው ከውጭ ነው፣ ዋጋውም ከዶላር ጋር ይወጣል ይወርዳል። ስለዚህ ፕሮፎርማው እስከ መቼ እንደሚጸና ጠይቅ። ገጹን ሲቆጥሩልህም አትደንግጥ። መጽሐፍ ብዙ ጊዜ የሚታተመው በ16 ገጽ እየተከፋፈለ ነው። 210 ገጽ ከሆነብህ ወይ 208 ላይ ታቆመዋለህ ወይ የ224 ትከፍላለህ። ሁለት ገጽ መቀነስ ይቻላል፣ እመነኝ።

ብዙ ባሳተምክ ቁጥር የአንዱ ዋጋ ይቀንሳል። የሽፋኑና የማዘጋጃው ወጪ ለሁሉም ስለሚካፈል ነው። ይህ ያጓጓሃል። አንተ ግን የምትሸጠውን ያህል ብቻ አሳትም። መኝታ ቤትህ የተደረደረ ካርቶን ጠዋት ጠዋት ስታየው ሁለተኛውን መጽሐፍ የመጻፍ ፍላጎትህን ይገድለዋል። ሙሉው ሳይታተም በፊት የናሙናውን ቅጂ በእጅህ ይዘህ፣ ገጽ በገጽ ገልጠህ እየው። ለዚህ ነው አዲስ አበባ የምትሄደው። በስልክ «አስተካክለነዋል» ስትባል አትርካ፣ በዓይንህ እየው።

አይ ኤስ ቢ ኤን፣ ማለትም የመጽሐፍ መለያ ቁጥር፣ የሚሰጠው ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ነው፣ እኛ ወመዘክር የምንለው። ብዙ የኢትዮጵያ መጻሕፍት ጀርባ ላይ 99944 የሚለውን ቁጥር የምታየው ለዚህ ነው። መጽሐፉ ሲታተምም ለእነሱ የሚገባውን ቅጂ አስገባ። ልጅህ አድጎ እዚያ ሄዶ ያገኘዋል።

አከፋፋይ ድርሻውን የሚወስደው ከሽፋን ዋጋ ላይ ነው። እንደ ስምምነቱ 30 በመቶ፣ ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። ሽፋኑ ላይ 400 ብር ካልክ በ30 በመቶው 120 ብሩ የሱ ነው። የሕትመቱን ቀንሰህ የሚተርፍህን አስላ፣ ከዚያ በኋላ ዋጋ ለጥፍ። የሚከፈልህም ብዙውን ጊዜ ከተሸጠ በኋላ ነው። ያስረከብከውን በቁጥር አስፈርም። ሰው ጥሩ ቢሆንም አስፈርም። ደሴና ኮምቦልቻን ግን ለማንም አትስጥ፣ ራስህ ያዛቸው። መጽሐፍ አዟሪዎቹን ሂድና በስም ተዋወቃቸው። መጽሐፍህን አንብበው ከወደዱት፣ ገዢ ሲያመነታ «ይቺን ውሰድ፣ የኛ ሀገር ልጅ ነው የጻፋት» ብለው ይሸጡልሃል። ለእኔ እንደዚያ ነው ያደረጉልኝ። ውለታቸውን አልረሳም።

ዘመድ ወዳጅ ደግሞ በነጻ ይጠይቅሃል። በፍቅር ነው። ለሕትመት ስትዘጋጅ የስጦታውን ቁጥር አስቀድመህ ለይ፣ ካለቀ በኋላ «አለቀ» በል። ያነበቡልህና የነገሩህ ሰዎች ግን ከሁሉም ቀድመው ያግኙ። የመጀመሪያውን ቅጂ ለጋሼ ነው የወሰድኩት።

ስለ መብትህ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ጽሑፍህ ወረቀት ላይ ከሰፈረበት ጊዜ ጀምሮ ጥበቃ አለው፣ አንተ በሕይወት እያለህና ካለፍክ በኋላም ለ50 ዓመት። ባታስመዘግበውም የአንተ ነው። ማስመዝገብ ግን ክርክር ሲመጣ ማስረጃ ይሆንሃል። ቴሌግራም ላይ ፒዲኤፉ ተለቆ ብታገኘው ዝም አትበል፣ ለለቀቀው ሰው ጻፍለት፣ ቻናሉንም ሪፖርት አድርግ። ሙሉ ፋይሉን ከማተሚያ ቤቱና ከአርታኢህ በቀር ለማንም አትላክ። ለአድማጮችህ በስፓይራል የተጠረዘ ወረቀት ይበቃል።

እኔ ቅዳሜ ከሰዓት አብዛኛውን ጊዜ ፒያሳ አካባቢ ነኝ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ምዕራፎች ይዘህ ና፣ በውስጥ መስመር ጻፍልኝና እንቀጣጠር። አንተ ታነባለህ፣ እኔ እሰማለሁ። ስልኬን ካነሣሁ ቦታው ላይ ምልክት አድርግ።