እናቴ በርጩማዬ ላይ ካልተቀመጥኩ እያለች ነው

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር፣ የምጽፍልዎ ከደሴ ነው። እናቴ 66 ዓመቷ ነው፣ አዲስ አበባ የዳሌ መገጣጠሚያ ቅየራ ኦፕሬሽን ተደርጎላት ይሄው አምስተኛ ሳምንቷን ይዛለች። አልሐምዱሊላህ ያ ሌሊት ሌሊት የሚያስለቅሳት ህመም ጠፍቷል፣ በዋከርም (በእጅ በሚያዘው ባለ አራት እግር መደገፊያ) ቤት ውስጥ ትሄዳለች፣ ግን ማታ ማታ እግሯ ያብጣል፣ ደሞ ይሄኛው እግሬ ረዝሟል ትለኛለች። ጎረቤት ወጌሻ ይጠራላትና ትታሽ እያሉ ነው። እሷ ደሞ በርጩማዬ ላይ ቁጭ ብዬ ቡናዬን ላፍላ፣ ሶላቴንም እንደ ድሮው ልስገድ ብላ አስጨነቀችኝ፣ ምን ላርግ?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ። መጀመሪያ ግን በአላህ ወጌሻውን አስቀሪው። ወሎ ጎበዝ ወጌሾች እንዳሉ አውቃለሁ፣ የስንቱን ወለምታ መልሰዋል፣ ይሄ ግን ወለምታ አይደለም። እናትሽ ዳሌ ውስጥ አሁን ያለው በሰው እጅ የተሰራ ኳስና ኳሱ የሚዞርበት ጽዋ ነው፣ ኳሱን ቦታው ላይ የሚይዙት ደሞ በዙሪያው ያሉት ጡንቻና ጅማቶች ናቸው፣ እነሱ ኦፕሬሽኑ ላይ ተነክተው ገና እየጠገኑ ነው፣ ስለዚህ እግሩ ቢሳብ ቢጠመዘዝ ኳሱ ሊወልቅ ይችላል። ባታቸው ውስጥ የረጋ ደም ካለ ደግሞ ማሸቱ ወደ ሳንባ ሊልከው ይችላል።

እብጠቱ ቀን ሲንቀሳቀሱ ውለው ማታ የሚመጣ፣ እግራቸውን ትራስ ላይ ሰቅለው አድረው ጠዋት የሚቀንስ ከሆነ የተለመደ ነው፣ ለወራት ሊቆይም ይችላል። ባታቸውን ካመማቸው፣ ከሞቀ፣ ከቀላ፣ ወይ ጠዋትም ካልጎደለ ግን በዚያው ቀን ሆስፒታል፤ ደረት ውጋትና ትንፋሽ ማጠር ከመጣማ አንድ ደቂቃም አትጠብቁ። ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው ማቅጠኛ መድኃኒት ብዙ ጊዜ እስከ 35 ቀን ነው የሚታዘዘው፣ እናንተ ግን ሐኪሙ የጻፈላችሁን ቀን ጨርሱ። እግሬ ረዘመ የሚሉት ብዙ ታካሚዎች የሚሉት ነው፣ ጡንቻው ሲፈታና አረማመዳቸው ሲስተካከል አብዛኛውን ጊዜ ስሜቱ ይጠፋል፣ ቀጠሮ ላይ ግን ይለካላቸው።

አሁን ወደ በርጩማው፣ እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው። በብዛት ከ6 እስከ 12 ሳምንት ድረስ ዳሌ ከ90 ዲግሪ በላይ እንዳይታጠፍ ይባላል፣ ማለትም ሲቀመጡ ጉልበታቸው ከዳሌያቸው ከፍ ማለት የለበትም፣ እግር ማነባበርም የለም፣ የእግር ጣታቸውን ወደ ውስጥ አዙሮ መጠምዘዝም የለም። የኛ ቤት ደሞ ሁሉ ነገሩ ዝቅ ያለ ነው፣ መደቡ፣ ፍራሹ፣ ረከቦቱ። በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው ከሰሉን እፍ ለማለት ጎንበስ ሲሉ፣ ወይ ሲኒ ወድቆ ላንሳ ሲሉ፣ ያቺ አንድ ጎንበስ ማለት ኳሱን ልታስወጣው ትችላለች። ቡናውን ግን አትከልክያቸው፣ እሱ ነው የሚያድናቸው! ረከቦቱን ጠረጴዛ ላይ አውጪው፣ እሳቸው መደገፊያ ያለው ከፍ ያለ ወንበር ላይ ይቀመጡ፣ ከሰሉን አንቺ ያዢ፣ መቅዳቱን ይቅዱ። ጉዝጓዙን ለጊዜው ተዉት፣ እርጥብ ቄጠማ ላይ ዋከር ይንሸራተታል። ሽንት ቤታችሁ ቁጢጥ የሚባልበት ከሆነ አናጺ ጠንካራ የእንጨት ወንበር መሃሉን ክብ አርጎ ይቁረጥላችሁ፣ የላስቲክ ወንበር ግን እንዳትሞክሩ እግሩ ይከፈታል። ሲተኙ በእግራቸው መሃል ትራስ፣ ደረጃ ላይ ሲወጡ ደህናው እግር ይቅደም ሲወርዱ የታከመው።

ሶላት ላይ ወንበር ላይ ሆኖ መስገድ ለታመመ ሰው የተፈቀደ ነው፣ ሱጁዱን በምልክት ያርጉት፣ ቅር ካላቸው የሰፈራችሁን ኢማም አምጪና እሳቸው ይንገሯቸው፣ ከኔና ካንቺ ይልቅ ይሰሟቸዋል። ውዱእ ላይ እግራቸውን ለመታጠብ እንዳያጎነብሱ አንቺ በማንቆርቆሪያ እጠቢላቸው።

ድንገት ሀይለኛ ህመም መጥቶ መቆም ካቃታቸው፣ እግሩም አጥሮ ወይ ዞሮ ከታየ ወልቋል ማለት ሊሆን ስለሚችል አታንቀሳቅሱት፣ አምቡላንስ ጥሩ። ቁስሉ ፈሳሽ ካመጣ ወይ ትኩሳት ካለም እዛው ቤት አታክሙት። ለቀጠሮ ስትሄዱ ደሞ የበርጩማውን ከፍታ በሜትር ለክተሽ ያዢና ለቀዶ ሐኪሙ ንገሪው፣ መቼ እንደሚቀመጡባት እሱ ይወስንላቸው።