«እሺ» ስትል ገብቷታል ማለት አይደለም

ሰላም እህቴ። ኮምቦልቻ ያለው ፋብሪካችሁ ብዙ አዲስ ሠራተኛ ሊቀጥር ነው፤ የውጭ አገር ኃላፊዎቹ «ሥልጠናው በሙሉ በስልክ አፕ ይሁን» ብለዋል፤ ከደሴ፣ ከከሚሴና ከገጠር የሚመጡት ልጆች ነገር አሳስቦሻል። እኔም እዚሁ ኮምቦልቻ፣ በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የሰው ኃይል ክፍል እየሠራሁ ይኸው ገጥሞኛል።

መጀመሪያ ሰዓቱን አስተካክሉ። እኛ ጋ አፑ «ነገ 8:00 ይገኙ» የሚል መልእክት ላከ። አንዲት ልጅ ከደሴ ተነስታ ልክ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ በር ላይ ደረሰች። ማስረጃዋን በፕላስቲክ ጠቅልላ ይዛለች። አፑ ግን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ቀሪ አድርጓታል። ጥበቃው ሊመልሳት ሲል ነው የደረስኩት። ስለዚህ «ከጠዋቱ 2 ሰዓት» ብላችሁ ጻፉ፤ ቀኑንም በእኛ አቆጣጠር። ስምም እንደዚሁ ነው። «ላስት ኔም» የሚለው ቦታ ላይ አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ይሞላል። ከባንክ ደብተሩ ጋር ካልገጠመ የመጀመሪያው ደሞዝ ይጓተታል።

ትልቁ ነገር ግን ሌላ ነው። በስፌት ቤት መርፌ ሲሰበር ስብርባሪው ተለቅሞ ካልቀረበ አዲስ መርፌ አይሰጥም። ልብሱ ውስጥ የቀረች ቁራጭ ገዢውን ትወጋለችና። ይህ በአፑ ቪዲዮ ላይ አለ። ልጆቹ በሙሉ አይተው «ተረድቻለሁ» የሚለውን ነክተዋል። በሳምንቱ አንዷ መርፌ ሰበረችና ቁራጩን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ደበቀችው። ሱፐርቫይዘሩ «አታላይ ናት፣ ትሰናበት» አለ። ለብቻዋ ሳናግራት እያለቀሰች «ዕቃ ሰብሬ እንዴት አፌን ሞልቼ እናገራለሁ?» አለችኝ። ያደገችበት ቤት ዕቃ የሰበረ ይቆጡታል። ቪዲዮው «አምጪ» አለ እንጂ «ብትሰብሪ ማንም አይቆጣሽም» አላለም።

አፑ ላይ የምትነካዋ ምልክት የእኛ «እሺ» ናት። እሺ የምንለው ለአክብሮት ነው፣ ሳይገባንም እንላለን። ለዚህ ነው አሁን «ገባሽ?» ብለን የማንጠይቀው። «እስቲ አሳዪኝ» እንላለን። የስፌት መስመሩ (የ«ላይኑ») ነባር ሠራተኛ አጠገቧ ቆሞ፣ መርፌው ሲሰበር ምን እንደምታደርግ በእጇ ታሳያለች። ያን ጊዜ ነው ምልክቱ የሚነካው።

አፑን አትተዉት፤ ለመድገም በጣም ጥሩ ነው። እኛ ከአንድ ደቂቃ ያነሱ ቮይሶች በአማርኛና በኦሮምኛ ቀድተን በቴሌግራም እንልካለን። ልጆቹ ማታ ቤታቸው ደጋግመው ይሰሙታል። የመርፌውን የአማርኛ ቮይስ የቀዳችው ያቺው የደበቀችው ልጅ ናት።

ደግሞ ሥልጠናው ለውጭዎቹም ይሁን። ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን «አዎ» እንደምንል፣ ዓይን መስበር ጨዋነት እንጂ ጥፋት መደበቅ እንዳልሆነ፣ የዓርብ ስግደት መቼ እንደሆነ በአጭሩ አዘጋጅተሽ ስጫቸው። የእኛው ሱፐርቫይዘር ይህን ካነበበ ወዲህ ቁጣው ቀንሷል።

አደራ፣ አትዘግዪ። በአዋጅ 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ በዚያ ውስጥ «ለሥራው አትሆንም» የተባለች ልጅ ያለ ማስጠንቀቂያ ልትሰናበት ትችላለች። ቮይሶቹን ከፈለግሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ ዛሬውኑ እልክልሻለሁ።